ሄንሪ ሚለር ከየትኛው መንደር መጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። የአስር ዓመት ልጃችንን ትምህርት ቤት የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ ሠርተሽ ነይ ብለዋታል። በእኔ በኩል ችግር የለም። አባቴ ጎንደር ሆነው በስልክ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። በባለቤቴ በኩል ግን የአያቱ አያት ላይ ስንደርስ ቀጥ አልን። የምናውቀው ሄንሪ ሚለር መባሉን፣ በ1880ዎቹ ከጀርመን መምጣቱንና ዊስኮንሲን ውስጥ ገበሬ መሆኑን ነው። መቃብሩ ላይ 1858–1931 ይላል። ስሙን ኤሊስ አይላንድ ላይ ቀየሩበት እየተባለ ይወራል። ኢንተርኔት ላይ እስከ 1540 የሚደርስ የእሱ የዘር ሐረግ አግኝቻለሁ። እሱን ልገልብጠው? ወይስ ጀርመን አገር መዝገብ ቤት ልጻፍ? ያለን ሁለት ሳምንት ነው።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የኢንተርኔቱን አትገልብጪ። ጀርመንም ገና አትጻፊ። (ለሌላው አንባቢ፦ የሰውየውን እውነተኛ ስም ትቼ «ሄንሪ ሚለር» ያልኩት እኔ ነኝ። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደግሞስ ለየትኛው መዝገብ ቤት ነው የምትጽፊው? ሄንሪ ሲወለድ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ግዛቶቹ አንድ የሆኑት በ1871 ነው። ከዚያ በፊት ፕሩሲያ አለ፣ ባቫሪያ አለ፣ ሳክሶኒ አለ፣ ባደን አለ፣ መክለንበርግ አለ። ሁሉም የየራሱ ንጉሥ ወይም መስፍን ነበረው። ዛሬም ቢሆን የጀርመን ሰው ሁሉ ስም ተጠራቅሞ የሚገኝበት አንድ መዝገብ የለም። በዚያ ዘመን ሰው የሚጻፈው በተጠመቀበት አጥቢያ ነው። መንደሩን ካላወቅሽ መዝገቡን አታገኚውም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባትሽን «አገርዎ የት ነው?» ብሎ የጠየቃቸው የጎንደር ሰው ቢኖር «ጎንደር» ብለው አያልፉትም። ወረዳውን ይጠሩለታል፣ ከዚያ ደብሩን ይነግሩታል። የሄንሪም ነገር እንደዚያው ነው። «ከጀርመን መጣ» ማለት አድራሻ አይሆንም። የምንፈልገው ደብሩን ነው። ያ የደብር ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጀርመን ሳይሆን እዚሁ አሜሪካ፣ ሰውየው ኖሮ በሞተበት ካውንቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ባሕሩን ለመሻገር አትቸኩይ።

አሁን የኤሊስ አይላንዱን ወሬ ከመንገድ እናንሳው። ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ነው። ሄንሪ በ1880ዎቹ ከመጣ በዚያ ሊያልፍ አይችልም። በኒውዮርክ ገብቶ ከሆነ ያለፈው ካስል ጋርደን በሚባለው መቀበያ ነው። እሱ ከ1855 እስከ 1890 ሠርቷል። በባልቲሞርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከብሬመን ተነስቶ ባልቲሞር የሚደርስ መርከብ ነበር። መንገደኛው እዚያው ወደቡ ላይ ባቡር ተሳፍሮ ወደ መሃል አገር ይነጉዳል። ኤሊስ አይላንድ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ሠራተኞቹ ለሰው አዲስ ስም የማውጣት ሥራ አልነበራቸውም። እጃቸው ላይ የነበረው መርከቡ ይዞት የመጣው የመንገደኞች ዝርዝር ነው። እሱ ደግሞ የተጻፈው ሰዎቹ በተሳፈሩበት ወደብ ነው። ሠራተኛው ስም እየጠራ፣ እየጠየቀ፣ ምልክት እያደረገ ያሳልፋል። ይሄን ወሬ ያልሰማሁበት የአሜሪካ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሁሉም ከልቡ ያምነዋል።

ታዲያ ስሙ እንዴት ተቀየረ? በዝግታ፣ አንዳንዴም በራሱ ፈቃድ። ሲወለድ ምናልባት ሃይንሪሽ ሙለር ነበር። ጎረቤቱ ሄንሪ አለው፣ ባለሱቁ ሚለር ብሎ ጻፈው፣ የልጆቹ አስተማሪም እንደዚያው። ሽሚት ስሚዝ ሆነ፣ ሽዋርትስ ብላክ ሆነ። አናጺ ማለት የሆነው ዚመርማን ተተርጉሞ ካርፔንተር ሆነ። በአፕሪል 1917 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገባ ደግሞ ጀርመንኛ የሚሸት ስም መያዝ ራስን ማስጠቆም ሆነ። ያን ጊዜ የቀየረ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዱን ሰው በ1885 ሙለር፣ በ1920 ሚለር ሆኖ ብታገኚው አትገረሚ። በሁለቱም ፈልጊው።

አትፍረጂባቸው። ከእኛስ ስንቱ ነው አሜሪካ ሲገባ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም የሆነበት? ባልና ሚስት ሌላ፣ አባትና ልጅ ሌላ «ላስት ኔም» ይዘን የለም እንዴ? የዛሬ መቶ ዓመት የልጅ ልጆቻችንን ሐረግ የሚፈልግ ሰው ጸጉሩን ይነጫል። ይሄ ደግሞ የእኛ ብቻ ጣጣ አይምሰልሽ። በጀርመን ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ኦስትፍሪስላንድ በሚባለው አገር፣ ሰው እንደኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ የተባሉት ናፖሊዮን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ በ1811 ነው።

አንድ ሌላ የስም ወጥመድ አለ። ጀርመኖች ልጅ ሲያስጠምቁ ሁለትና ሦስት ስም ያወጣሉ። የሚጠራበት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አይደለም። መዝገቡ ላይ «ዮሃን ፍሪድሪሽ ሃይንሪሽ» ተብሎ የተጻፈው ልጅ ቤት ውስጥ ሃይንሪሽ ብቻ ነው። ወንድሞቹም ሁሉ በዮሃን ሊጀምሩ ይችላሉ። የእኛ ሰው በክርስትና ስሙ ሌላ፣ በዓለም ስሙ ሌላ እንደሆነ አስቢው።

እሺ፣ ከየት ትጀምሪ? ከቤት። የባለቤትሽ ቤተሰብ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አክስት ወይም አጎት ካሉ ዛሬውኑ ይደወልላቸው። የምትጠይቂው «ስለ ሄንሪ ምን ያውቃሉ?» ብለሽ አይደለም። እሱማ «ከጀርመን ነው የመጣው፣ ጠንካራ ሠራተኛ ነበር» ተብሎ ያልቃል። ዕቃ ጠይቂ። የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ አለ? ፊተኛው ገጽ ላይ የልደትና የሞት ቀን ተጽፎበት ይሆናል። በጀርመንኛ የተጻፈ፣ ጌጥ ያለው፣ ፍሬም ውስጥ የገባ ወረቀት አለ? የሉተራን ልጆች በ14 ዓመታቸው ገደማ ትምህርተ ሃይማኖት ጨርሰው ሲጸኑ ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ብዙዎች ባሕር ተሻግረው ያመጡት ነው፣ የመንደሩም ስም ያለበት ነው። ሄንሪ ወታደር ከነበረ የውትድርና ደብተሩም ሊኖር ይችላል። ቤተሰቡ ጀርመንኛ ስለማያነብ ወረቀቱን ከሰማንያ ዓመት በላይ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «የጀርመን ጸሎት ነው» ሲል ኖሮ ያውቃል። አጋጥሞኛል።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ። ፋሚሊሰርች የሚባለው፣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ እዚያ ታገኚዋለሽ። በ1880 ሄንሪ ገና አልመጣም ይሆናል። የ1890ውን አትፈልጊው። በጃንዋሪ 1921 ዋሽንግተን ውስጥ እሳት ነካው፣ የተረፈው ኢምንት ነው። ለአንቺ ወርቁ የ1900 ቆጠራ ነው። የተወለደበትን ወርና ዓመት፣ አሜሪካ የገባበትን ዓመት፣ ከተጋባ ስንት ዓመት እንደሆነው ይነግርሻል። ሚስቱ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ጭምር አለበት። ስለ ዜግነትም አጭር ምልክት አለ። «ኤን ኤ» ካለ ዜጋ ሆኗል። «ፒ ኤ» ካለ የመጀመሪያ ወረቀቱን ብቻ አውጥቷል። «ኤ ኤል» ካለ ገና አልጀመረም። የ1920ውም እንዳያመልጥሽ። በዚያ ዓመት ቆጣሪዎቹ በጀርመን የተወለደን ሰው ክፍለ ሀገሩን ወይም ከተማውን ጠይቀው እንዲጽፉ ታዝዘው ነበር። ሁሉም አልታዘዘም። የታዘዘው ቆጣሪ ከደረሰሽ ግን «ጀርመን» የሚለው ወደ «ፖሜራኒያ» ወይም «ባደን» ጠብቦ ታገኚዋለሽ።

ዕድሜው ከቆጠራ ቆጠራ ሁለት ሦስት ዓመት ቢለያይ አትደንግጪ። ቆጣሪው ሲመጣ በሩን የከፈተው ማን እንደነበር አናውቅም። ደግሞ ስለ ዕድሜ ማን ይናገራል፣ ግማሻችን በወረቀት ጃንዋሪ 1 የተወለድን ሰዎች!

የዜግነት ወረቀቱን ፈልጊ፣ ግን ብዙ አትጠብቂ። ከሴፕቴምበር 1906 በፊት ዜግነት በየትኛውም የአካባቢ ፍርድ ቤት ይሰጥ ነበር፣ ወጥ ቅጽ አልነበረውም። ብዙው ወረቀት የሚለው «ለጀርመን ንጉሠ ነገሥት ያለኝን ታማኝነት ትቻለሁ» ብቻ ነው። መንደር የለም። መሬቱን በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ከመንግሥት ወስዶ ከሆነ ግን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ፋይል አለው። እሱ ውስጥ የዜግነት ማስረጃው ቅጂ አለ።

የሞት ሰርተፊኬቱም ይኖራል። ዊስኮንሲን ከ1907 መጨረሻ ጀምሮ በክፍለ ሀገር ደረጃ ስለምትመዘግብ የ1931 ሞት መገኘት አለበት። የአባቱና የእናቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው። ነገር ግን ያንን የሚሞላው ሟቹ አይደለም። ልጁ ወይም ምራቱ ናቸው፣ ያውም በሐዘን ቀን። አያታቸውን አይተዋቸው አያውቁም። «አይታወቅ» የሚል ብታገኚ ተስፋ አትቁረጪ፣ ስም ብታገኚም እንደ ወንጌል አትያዢው።

እኔ በሙሉ ልቤ የማምነው የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ነው። እዚህ ላይ ጊዜሽን አፍስሺው። በዊስኮንሲን ጀርመኖች በሰፈሩበት ሁሉ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ አንዳንዴም በአንድ መንደር ሁለት ሦስት። ቄሱ የሚጽፈው በጀርመንኛ ነው። ቄሱ ራሱ ከዚያው አገር የመጣ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው የካውንቲ ጸሐፊ «ጀርመን» ብሎ የሚያልፈውን እሱ አያልፈውም። «የተወለደው እንትን መንደር፣ ክራይስ ሬገንቫልደ፣ ፖመርን» ብሎ ይጽፋል። ክራይስ ማለት ወረዳ እንደማለት ነው፣ ፖመርን ደግሞ ያው ፖሜራኒያ ነው። የቀብር መዝገቡ ላይ የተወለደበትን ቀን፣ ወላጆቹን፣ ሚስቱን፣ የተረፉ ልጆቹን፣ አልፎ አልፎም በቀብሩ ላይ የተሰበከበትን ጥቅስ ሳይቀር ታገኛለሽ።

የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ለማወቅ መቃብሩን ተመልከቺ። የተቀበረበት ቦታ የማን ነው? ካቶሊክ፣ ሉተራን ወይስ ሌላ? ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ካለ ስልክ ደውይ። መዝገቡ ጽሕፈት ቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ተዘግቶ ወይም ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ መዝገቡ ወደ ተተኪው አጥቢያ ወይም ወደ ሲኖዱ ቤተ መዛግብት ተዛውሯል። ስትደውይ በትሕትና ጠይቂ፣ ትንሽ መዋጮም ላኪ። ስልኩን የሚያነሱልሽ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን በነጻ የሚያገለግሉ እናት ናቸው።

የእሱን ብቻ አትጠይቂ። የልጆቹን ሁሉ የጥምቀት መዝገብ ጠይቂ። ለምን ብትይ፣ የክርስትና አባትና እናት ስም አለበት። ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የክርስትና አባት ከመንገድ አይለቀምም። ወንድም ነው፣ የሚስት እህት ናት፣ ወይ ከአንድ መንደር አብሮ የመጣ ሰው ነው። የሄንሪ መንደር ባይጻፍ የክርስትና አባቱ መንደር ተጽፎ ይሆናል። ጀርመኖቹ እንደኛው ነበሩ። አንዱ መጥቶ ይሰፍራል፣ ደብዳቤ ይልካል፣ ወንድሙን ያስመጣል፣ ወንድሙ አማቱን ያስመጣል። በ1839 ከፖሜራኒያ የመጡ ሉተራኖች ከሚልዋኪ አጠገብ ፍራይሽታት የሚባል ሰፈር ቆርቁረዋል፣ ሌላው ተከትሏቸዋል። በ1880ዎቹም ገና ይጎርፉ ነበር። 1882 ብቻ ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ጀርመናዊ አሜሪካ የገባበት ዓመት ነው። የሄንሪን የመሬት ጎረቤቶች ስም ጻፊ። ቆጠራው ላይ ከላይና ከታች ያሉትን ቤቶች ጻፊ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ሥራዬን የምሠራው በጎረቤት ነው።

ጋዜጣም አለ። ሚልዋኪ በዚያ ዘመን በጀርመንኛ የሚታተሙ ጋዜጦች የሞሉባት ከተማ ናት። የእንግሊዝኛው የአካባቢ ጋዜጣ ስለ ሄንሪ ሞት ሦስት መስመር ቢጽፍ የጀርመንኛው አንድ ዓምድ ይሰጠዋል። ከእነዚህ ጋዜጦች የተወሰኑት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ በከፈተው የድሮ ጋዜጦች ድረ ገጽ ላይ አሉ። ችግሩ ፊደሉ ፍራክቱር የሚባለው፣ ጥቁርና ጠምዛዛው የድሮ ጀርመን ማተሚያ ነው። ኮምፒውተሩ ሲያነበው ይሳሳታል። ስለዚህ በስም ፈልገሽ ካጣሽው የለም ማለት አይደለም። የሞተበትን ሳምንት እትም አውጥተሽ በዓይንሽ ሂጂበት።

ይሄን ሁሉ አሜሪካ ላይ ቆይ፣ አሜሪካ ላይ ቆይ የምልሽ በራሴ ደርሶ ነው። ይህን ሥራ ስጀምር ከአዮዋ አንድ ቤተሰብ አናጺ አያታቸውን እንድፈልግላቸው ሰጡኝ። ስሙ እንደ ሄንሪ ስም ተራ ነበር። የሐምቡርግ የመርከብ ዝርዝር ላይ አገኘሁት። ስሙ ያው፣ ዕድሜው 24፣ ሥራው አናጺ፣ ዓመቱም ልክ። የመጨረሻ መኖሪያው መክለንበርግ ውስጥ ያለ መንደር ይላል። ጮቤ ረገጥኩ። ጻፍኩ፣ ገጽ አስቀዳሁ፣ አስነበብኩ። በስምንት ወር እስከ 1702 ወጣሁ። ባማረ ወረቀት አሳትሜ አስረከብኩ፣ ተከፈለኝ። ከዓመት በኋላ የቤተሰቡ አንዲት አክስት የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ተጣጥፎ የቆየ የጀርመንኛ የሐዘን ማስታወቂያ አገኙ። ሰውየው የሃኖቨር ተወላጅ ነው። የመክለንበርጉ አናጺ ደግሞ ነብራስካ ሰፍሮ፣ ወልዶ ከብዶ፣ እዚያው ተቀብሯል። የሌላ ሰው ዘር ነበር የሸጥኩላቸው። ገንዘባቸውን መለስኩ። አክስትየዋ ግን ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን አላወረዱትም አሉ፣ አምሮባቸው።

ያገኘሽው የኢንተርኔት ሐረግም ይሄው ነው የሚመስለኝ። ሙለር በጀርመን ከሁሉም የሚበዛው የቤተሰብ ስም ነው። በ1858 የተወለደ ሃይንሪሽ ሙለር ስንት እንደሆነ አስቢው። አንድ ሰው ዊስኮንሲን ያለውን ሄንሪ ጀርመን ካለው ሃይንሪሽ ጋር በዓመት አመሳስሎ ያጋጥመዋል፣ ሌሎች ሃምሳ ሰዎች ይገለብጡታል። ከዚያ ሃምሳ ቦታ ስላለ እውነት ይመስላል። ስለዚህ ባሕሩ የተሻገረበትን ነጥብ ብቻ መርምሪ። «የዊስኮንሲኑ ሄንሪና የዚህ መንደር ሃይንሪሽ አንድ ናቸው» የሚል ሰነድ ተያይዟል? ካልተያያዘ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

1540 የሚለው ራሱ ያስቃል። የገበሬ ዘር በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተቆጥሮ እዚያ መድረሱ እጅግ ብርቅ ነው። ከ1618 እስከ 1648 የተካሄደው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት መንደሮቹን አቃጥሏቸዋል፣ መዝገቦቹንም አብሮ። በብዙ ደብር የተረፈው መዝገብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ዘንድ ዘሩን እስከ ንጉሥ ሰለሞን የሚቆጥር አይጠፋም። ግን ለትምህርት ቤት አንሰጠውም።

መንደሩ ከተገኘ በኋላስ? ያን ጊዜ ጻፊልኝ፣ በዝርዝር እናወራለን። ለአሁኑ መንገዱን ጠቆም ላድርግሽ።

የሐምቡርግ የመንገደኞች ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ያለው አብዛኛው ተርፏል፣ የመጨረሻ መኖሪያም ይጠቅሳል። በቀጥታ የሄዱትና በእንግሊዝ በኩል የዞሩት ለየብቻ ስለተመዘገቡ ሁለቱንም እዪ። የብሬመኑ ግን ያሳዝናል። ከተማው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ዝርዝሮቹን ከጥቂት ዓመት በላይ ሳያቆይ ያስወግድ ነበር፣ ከቀረው ብዙው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። ጀርመን ወረቀት አይጥልም የሚሉ ሰዎችን ብሬመን ወስጄ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ሄንሪ በብሬመን ተሳፍሮ ከሆነ ያንን መንገድ እርሺው። ውትድርናን ሸሽቶ ሳያስፈቅድ የወጣ ከሆነም የመውጫ ፈቃድ መዝገብ ላይ አይኖርም። ለዚህም ነው አሜሪካ ያለውን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የማስቀድመው።

የመንደር ስም ስታገኚ በ1912 የወጣው የማየር የቦታዎች መዝገበ ቃላት ላይ አስተያዪው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ኖይሽታት፣ ኖይዶርፍ የሚባል ቦታ በየአቅጣጫው ስላለ ወረዳው ወሳኝ ነው። መዝገበ ቃላቱ መንደሩ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ይኑረው አይኑረው ይነግርሻል። እንደኛ ገጠር ትንሹ መንደር የራሱ ቤተ ክርስቲያን የለውም፣ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው።

ለዊስኮንሲን ሰው ደግሞ አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ። መንደሩ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከኦደር ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው ፖሜራኒያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለፖላንድ ተሰጠ፣ ጀርመኖቹም ተባረሩ። ያ ሬገንቫልደ ዛሬ ሬስኮ ይባላል። ሽቴቲንም ሽቼቺን ሆኗል። ከመዝገቦቹ ብዙው በጦርነቱ ጠፍቷል፣ የተረፈው በፖላንድ ቤተ መዛግብት፣ በጀርመን የቤተ ክርስቲያን ማኅደሮችና በፋሚሊሰርች ተበታትኖ ይገኛል። ለፕሮቴስታንት መዝገብ አርኪዮን የሚባል በክፍያ የሚሠራ ድረ ገጽ አለ፣ ለካቶሊክ ደግሞ ማትሪኩላ አለ፣ እሱ ነጻ ነው። የመንግሥት የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በፕሩሲያ የተጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1874 ስለሆነ የሄንሪ ልደት እዚያ የለም። አግብቶ ከመጣ ግን ጋብቻው ይኖራል፣ በጋብቻው ላይ ደግሞ የወላጆቹ ስም ይጻፋል።

የእጅ ጽሑፉ ኩረንት ይባላል። ጀርመንኛ የሚችል ወጣት ጀርመናዊ እንኳ አያነበውም። መጀመሪያ ስታዪው ዝናብ የወረደበት የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። በሁለት ወር ግን ይለመዳል፣ ምክንያቱም መዝገብ ላይ የሚመላለሱት ቃላት ያው ሠላሳ አርባ ናቸው።

ዲኤንኤ ብትጠይቂኝ፣ ባለቤትሽ ከሄንሪ የደረሰው ስድስት በመቶ ገደማ ነው። ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ የሚመረመረው ባለቤትሽ ሳይሆን ከሄንሪ ወገን ያሉት በዕድሜ የገፉት ዘመድ ይሁኑ፣ እሳቸው ለእሱ በአንድ ትውልድ ይቀርባሉ። ውጤቱ መንደር አይነግርሽም። ከሄንሪ ወንድም የልጅ ልጆች ጋር ግን ሊያገናኝሽ ይችላል፣ እነሱ ቤት ደግሞ ያ ፍሬም ውስጥ ያለው ወረቀት ተሰቅሎ ይሆናል።

ለሁለት ሳምንቱ ይሄ ይበቃል። የ1900ንና የ1920ን ቆጠራ ዛሬ ማታ አውጪ፣ ነገ ለቤተ ክርስቲያኑ ደውይ። ልጅቷ የሄንሪን ስም ጽፋ ከሥሩ «ፕሩሲያ?» ብላ በእርሳስ ብታስቀምጥ ማንም አይቀጣትም። በእናቷ በኩል ሰባት ቤት፣ በአባቷ በኩል አምስት ቢሆን ምን አለበት። የባለቤትሽን አክስት ወይም አጎት ስታናግሩ ደግሞ የሄንሪን የድሮ ፎቶ ካርዶች ከአልበም አውጥተው ይገልብጡልሽ። የዚያ ዘመን ፎቶ ቤቶች ስማቸውንና ከተማቸውን ጀርባው ላይ ያትሙ ነበር። የከተማ ስም ካለ በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽና ወደ እኔ አስተላልፊው። በእጅ የተጻፈበት ካለ እኔ አነብልሻለሁ።